ከቁጥሮቹ በታች ያለው መስመር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ዶክተር ሊን ሦስት ነገር ሰጠችኝ፤ አንድ ካርቶን ባዶ ቅጽ፣ አንድ ቀይ እስክሪብቶና አንድ ትንሽ የካቢኔት ቁልፍ። "ቁልፉ አንቺ ጋ ይቀመጣል፤ የመክፈቱ ፈቃድ ግን እኔ ጋ ነው" አለችኝ። ቁልፉን ከመኪናዬ ቁልፍ ጋር አሰርኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዳይጠፋብኝ እየሰጋሁ በየሰዓቱ ቦርሳዬን መዳበስ አመል ሆነብኝ።

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ያደረግሁትን ነገር ድፍረት ብላችሁ እንዳትወስዱብኝ ነው። አገር ቤት ነርስ ሳለሁ ሜትረኗን እፈራ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ዳላስ ከመጣሁ በኋላ እዚያው አጠገብ ግራንድ ፕሬሪ ባለ መጋዘን ውስጥ ስሠራ እጄ ላይ የታሰረውን ስካነር እፈራ ነበር፤ ስንት ዕቃ በስንት ደቂቃ እንዳነሳሁ ይቆጥራልና። ካሮልተን ያለ አንድ የስኳር ክሊኒክ የጥናት አስተባባሪ አድርጎ ሲቀጥረኝ ደግሞ ወረቀት መፍራት ጀመርኩ። ሜትረኗ ተቆጥታ ትረሳለች፤ ወረቀት አይረሳም።

ስኳር ያለበትን ሰው የሚያደክመው ስኳሩ ብቻ አይደለም። መርፌው፣ የሚበላውን መቁጠሩ፣ የሐኪሙ ቁጣ፣ የቤተሰቡ ዓይን፣ ሁሉም ይከብደዋል። ይህን ክብደት የሚለካ የእንግሊዝኛ መጠይቅ አለ። በየጥያቄው ፊት ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ተደርድሯል፤ ሕመምተኛው አንዱን ያከብበታል። አንድ ማለት ምንም አያስጨንቀኝም፣ ስድስት ማለት በጣም ያስጨንቀኛል ማለት ነው። የዶክተር ሊን ጥናት ይህን መጠይቅ በአካባቢያችን ላሉ ቻይንኛ ተናጋሪ ሕመምተኞች እንዲሆን አድርጎ ማዘጋጀት ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ለየብቻ ይተረጉሙታል። ሁለቱ ትርጉሞች ተቀራርበው አንድ ይሆናሉ። ከዚያ እንግሊዝኛውን ጨርሶ አይቶ የማያውቅ ሦስተኛ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ የተመለሰው ከመጀመሪያው ጋር ይመሳከራል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ሕመምተኞች ፊት የሚቀርበው። ሲነገር ቀላል ነው። እኛ ግን ዓመት ፈጅቶብናል።

ዶክተር ሊን ከቻይናውያን ወላጆች እዚሁ ቴክሳስ የተወለደች ሐኪም ናት። ቻይንኛ ትናገራለች፤ የእጅ ጽሑፍ ግን አይነበብላትም። የሚያነብልን ሚስተር ጉኦ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ማክሰኞ ማክሰኞ ፀሐዩን በጥቁር ጃንጥላ እየተከላከሉ፣ በግሪን ላይን ባቡር ይመጣሉ። ጃንጥላቸውን በር ላይ አቁመው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ከዚያ ነው ሰላም የሚሉን።

ቅጹ ሊታተም ሲል ሚስተር ጉኦ አንድ ነገር ጠየቁ።

"ሰው ሁሉ በቁጥር አይናገርም። ከታች አንድ ባዶ መስመር ተዉለት።"

"የመጀመሪያው መጠይቅ ላይ እኮ የለም" አለች ዶክተር ሊን።

"የመጀመሪያው መጠይቅ እኛን አያውቀንም።"

በመጨረሻ መስመሩ ገባ፤ ግን እንደ መረጃ እንዳይቆጠር ተስማማን። እኔ ቁጥሮቹን በዕለቱ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባለሁ። የተጻፈ ነገር ካለ ቅጹ መሳቢያዬ ውስጥ ሆኖ ሚስተር ጉኦ ማክሰኞ እስኪመጡ ይጠብቃል። ይህን አሠራር መመሪያው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊርማዬም አለበት።

እኔ ቻይንኛ አላነብም። ሰው ይህን ስነግረው ይስቃል፤ የማታነቢውን ቅጽ እንዴት ትሰበስቢያለሽ ይለኛል። ቁጥር ግን የትም አገር ቁጥር ነው። ስሙን ከቁጥሩ የሚያገናኘው ዝርዝር ካቢኔት ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቅጹ ላይ ያለው የሕመምተኛው መለያ ቁጥር ብቻ ነው። የእኔ ትልቁ ሥራ ቤተሰብን ከክፍሉ ማስወጣት ነበር። አባት ቅጽ ሲሞላ ልጁ አጠገቡ ቁጭ ብሎ በጣቱ መልሱን ያሳየዋል። ይህን ከእኛ ሰው በደንብ አውቀዋለሁ። እኛም ጋ ታማሚው ሲጠየቅ የሚመልሰው አስታማሚው ነው።

ስለ ስኳር ካወራሁ አይቀር ስለ እናቴም መናገር አለብኝ። እማዬ ልጆቼን ልትጠብቅልኝ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ሶሊ አምስት ዓመቷ ነው፤ ናቲ ገና ዳዴ ይላል። ባለቤቴ ኤርፖርት ስለሚሠራ ከእኔ ቀድሞ ይወጣል። እማዬ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊኗን ማለዳ ከቤት ከመውጣቴ በፊት በእጄ እወጋታለሁ። በዚህ እኮራ ነበር። የእኔ እናት መድኃኒት አይዘለልባትም እል ነበር።

የሦስት ወሩ የደም ምርመራዋ ግን አልወርድ አለ። ሐኪሙ መጠኑን ጨመረ። አልወረደም። እንደገና ጨመረ። "እማዬ፣ ዳቦ ትደብቂያለሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ" እላታለሁ። "ምን ዳቦ አለና ነው?" ትለኛለች። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ብዬ እተርትባታለሁ፤ ትስቃለች። በዚያው ሰሞን የልጆቹ ጁስ ከፍሪጅ ውስጥ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ነበር። ሶሊን ሁለት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። አንድ ጊዜ እኔ አይደለሁም ብላ አልቅሳለች።

ሠላሳ አንድ ቁጥር የመጡት በነሐሴ ሙቀት አንድ ረቡዕ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ዛሬም ሠላሳ አንድ ቁጥር እያልኩ ነው የማስባቸው። ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሽማግሌ ናቸው። ያመጣቻቸው ልጃቸው ናት። እንደ ደንቡ ውጭ እንድትጠብቅ ለመንኳት፤ ወጥታ በመስታወቱ ታይ ጀመር።

ሽማግሌው ቁጥሮቹን በሁለት ደቂቃ ጨረሱ። ሁሉም ላይ አንድን አከበቡ። ከዚያ እስክሪብቶውን ይዘው ቆዩ። ለልጃቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ባዶው መስመር ላይ ጻፉ፤ መስመሩ ሲሞላ ወረዱና በኅዳጉ ላይ ቀጠሉ። ወረቀቱን ደፍተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ቀና ብለው ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ። በተማርኩት አንድ ቃል ቻይንኛ አመሰገንኳቸው።

ቁጥሮቹን አስገባሁ። ኮምፒውተሩ ደመረና አረንጓዴ አበራ፤ ጭንቀት የለባቸውም ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። ሁሉም አንድ የሆነ ቅጽ ለማስገባት ይቀላል። ቅጹን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማክሰኞ ሚስተር ጉኦ መጡ። ጃንጥላቸውን አቆሙ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ የእጅ ጽሑፍ ያለባቸውን አራት ቅጾች ሰጠኋቸው። አንዱ ስለ መኪና ማቆሚያው ያማርራል። አንዷ ዶክተር ሊንን ታመሰግናለች። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አንብበው ወደ መጀመሪያው ቃል ተመለሱ። እንደገና አነበቡ።

"ይህ የመቼ ነው?" አሉኝ።

"የረቡዕ።"

"ያለፈው ረቡዕ?"

"አዎ። ምን ይላል?"

ጣታቸውን ከቃል ቃል እያሻገሩ ነገሩኝ። "‘ቀን ቀን የልጅ ልጄን ብቻዬን እጠብቃለሁ። ሕፃኑን እንደያዝኩ ስኳሬ ወርዶ ወደቅሁ። ልጁ አልተጎዳም። ከዚያ ወዲህ መርፌውን ትቻለሁ። ልጄ እንዳትሰማ።’"

"ከዚያ ወዲህ ማለት ከመቼ?"

"አልጻፉም።"

ተቀመጥኩ። ነርስ ነበርኩ፤ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ሽማግሌ መርፌውን ሲተው ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። መጀመሪያ ውኃ ጥም፣ ከዚያ ድካም፣ ከዚያ መደናበር፣ ከዚያ ማንም የማይቀሰቅሰው እንቅልፍ። እሳቸው እንቅልፍ ቢወስዳቸው አጠገባቸው ያለው ሕፃን ብቻ ነው። ይህ ወረቀት ስድስት ቀን መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቷል። ሰውየው ለእኔ ነው የሰጡኝ፣ ያውም በሁለት እጃቸው።

ዶክተር ሊን ያን ቀን አርሊንግተን ከተማ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ንግግር ታደርግ ነበር። ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። መልእክት ተውኩ። ደግሜ ደወልኩ። በኮሪደሩ ሄለንን አገኘኋት። ሄለን የክሊኒኩ ነርስ ናት፤ በሕፃንነቷ መጥታ ዳላስ ያደገች የእኛው ልጅ።

"ዌልነስ ቼክ ኮል አድርጊ በቃ። ፖሊስ ሄዶ ያንኳኳል" አለችኝ።

"ሕፃን ይዘው ወድቀው ነበር ሲባል ልጁን ቢወስዱባቸውስ?"

"ማለቴ፣ ሰውየው ራሱ አልነቃ ካለስ? ሶ፣ ሁለቱንም ነው የምታጪው።"

ልክ ነበረች፤ እኔም ልክ ነበርኩ። እዚህ አገር ልጅ የምናሳድግ ሰዎች ፖሊስ በር አንኳኩቶ ስለ ልጅ ሲጠይቅ ምን ሊመጣ እንደሚችል በወሬ ያልሰማን የለንም። ወሬው ግማሹ ውሸት ይሆናል። የቱ ግማሽ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

ፈቃዱ አርሊንግተን ነው፣ ቁልፉ እጄ ላይ። አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ከዚያ የስም ዝርዝሩ ያለበትን ካቢኔት ከፈትኩት። ከሥራ መባረሬ ታየኝ፤ የመጋዘኑ ስካነር ሳይቀር እጄ ላይ ታየኝ። ሠላሳ አንድ ቁጥር ፊት አንድ ስም፣ አንድ አድራሻና አንድ ስልክ አለ። ስልኩ የልጃቸው ነው። እንዳትሰማ ያሏት ልጅ።

"ስጪኝ፣ እኔ ላናግራት" አሉ ሚስተር ጉኦ።

ምን እንዳሏት በኋላ ነገሩኝ፤ አንዲት ልኬት ስለቀረች ቤት ድረስ መጥተን እንወስዳለን፣ የአባትሽን ስልክ ስጪኝ ነው ያሏት። ቋንቋውን አልሰማም፤ ድምፁን ግን አውቀዋለሁ። መርዶ ሊያረዱ የሄዱ ሰዎች በር ላይ ስለ ዝናቡ የሚያወሩበት ድምፅ ነው። የአባትየውን ስልክ ደወሉ። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። እንደገና ደወሉ። ማንም አያነሳም።

"እናንተ ሂዱ። አድራሻውን ስጪኝ፤ በሃያ ደቂቃ ካልደወልሽልኝ ናይን ዋን ዋን ኮል አደርጋለሁ፣ ኦኬ?" አለች ሄለን።

በእኔ መኪና ሄድን። ሩቅ አይደለም፤ ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ያሉ አፓርትመንቶች ናቸው። በሩ በኮድ የሚከፈት ነው፤ ኮዱን አናውቅም። ከፊታችን ሌላ መኪና እስኪመጣ ቆምን። ሚስተር ጉኦ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ናቸው። እኔ ሰዓቱን አያለሁ። ጀግና ለአገሩ፣ ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ ያን ሰዓት እውነትም ወደ እናቴ መሮጥ ነው ያማረኝ። ዘጠኝ ደቂቃ ከሄደ በኋላ አንዲት ሴት ገብታ ከኋላዋ ተከትለን ገባን።

ፎቅ ላይ ነው። አንኳኳሁ። ከውስጥ ሕፃን ያለቅሳል። ደግሜ አንኳኳሁ። ሚስተር ጉኦ በቻይንኛ ተጣሩ። ልቅሶው ቆመ። ከልቅሶው ይልቅ መቆሙ አስፈራኝ። በሃያ ዓመት የሥራ ዘመኔ ብዙ በር ፊት ቆሜያለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ በር የለም። ሄለን የሰጠችን ጊዜ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ቀርቶታል። መዝጊያውን በጥፊ መምታት ጀመርኩ።

ተከፈተ። ሠላሳ አንድ ቁጥር ቆመዋል። ሕፃኑ ጀርባቸው ላይ በጨርቅ ታዝሏል፤ እኛ በአንቀልባ እንደምናዝለው ነው። ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ዓይናቸው ጎድጉዷል፣ አንድ እጃቸው ላይ ትልቅ የውኃ ጆግ አለ። እኔን ሲያዩ ጆጉን አስቀመጡት፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው ሕፃኑን ያዙ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

ልጁን ልንወስድ የመጣን መስሏቸዋል።

ሚስተር ጉኦ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ቆመው ቢናገሩ ሽማግሌው አይሰሟቸውም ነበር ብለውኛል በኋላ። ብዙ ተናገሩ። እኔ ለሄለን ደወልኩና የስኳር መለኪያውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሽማግሌው ጣታቸውን ሰጡኝ። መለኪያው ቁጥር አላወጣም፤ ልለካው ከምችለው በላይ ነው የሚለውን ምልክት አወጣ። እንዲያ ሆነው መቆማቸው ገረመኝ። አምቡላንስ ያስፈልጋል አልኩ።

"እምቢ አሉ፤ ልጁን ማን ይይዘዋል ይላሉ" አሉኝ ሚስተር ጉኦ።

"እኔ እይዘዋለሁ በሏቸው። ለልጃቸው ግን መነገር አለበት።"

ሽማግሌው ስልካቸውን ጠየቁ፤ ድምፁ ተዘግቶ ወጥ ቤት ነበር፣ ሕፃኑ እንዳይነቃ። ራሳቸው ለልጃቸው ደወሉ። ምን እንዳሉ ሚስተር ጉኦ አልተረጎሙልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስልኩን ዘግተው የጨርቁን ቋጠሮ ፈቱ፣ ሕፃኑን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። አምቡላንሱ ሲመጣ እቅፌ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ልጃቸው የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ እየሮጠች ደረሰች። ሕፃኑን ተቀበለችኝና እያለቀሰች "ሁሉንም አንድ ሲያከብ በመስታወቱ አይቼው ነበር" አለችኝ። "ሁሉንም አንድ።"

"እኔም እንደዚያው ነው ያስገባሁት" አልኳት።

ሆስፒታል ጥቂት ቀን ተኝተው ዳኑ። ሐኪሞቹ ሁለት ነገር ብቻ ነው የለወጡት፤ መጠኑን ቀነሱ፣ የመርፌውን ሰዓት ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ አደረጉት። አንድ ሰው ቀደም ብሎ ጠይቋቸው ቢሆን በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነበር።

ዶክተር ሊን ያንኑ ከሰዓት ከአርሊንግተን በርራ መጣች። መጀመሪያ "ደህና ናቸው?" አለች። ደህና መሆናቸውን ስትሰማ ተቀመጠችና "አሁን ሪፖርቱን እንጻፍ" አለችኝ። ያለ ፈቃድ ካቢኔት ከፍቻለሁ፤ ያለ ፈቃድ የጥናት ተሳታፊ ቤት ሄጃለሁ። ሁሉም ተጻፈ። ባዶው መስመር ማክሰኞ ይነበብ የሚለው መመሪያ የእኔ እንደሆነም ተጻፈ። ቁልፉን ተቀበለችኝ።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው መልስ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። የፖስታ ቤቱ መኪና ባለፈ ቁጥር ወጥቼ ሳጥኑን አያለሁ፤ ደብዳቤው በኢሜይል እንደሚመጣ እያወቅሁ። ሲመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። ከእንግዲህ በእጅ የተጻፈ ማንኛውም ነገር ሕመምተኛው ከሕንፃው ሳይወጣ ይነበብ ይላል። ዶክተር ሊን ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። "አትድገሚው። እኔም ስልኬን አልዘጋም" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ መጠይቁ ላይ የተጨመረውን አዲስ ጥያቄ ሚስተር ጉኦና ሠላሳ አንድ ቁጥር አብረው ተቀምጠው ነው የጻፉት። "ልጅ ብቻዬን ስጠብቅ ስኳሬ ይወርዳል ብዬ እፈራለሁ" ይላል። የእንግሊዝኛው መጠይቅ ላይ ይህን የሚመስል የለም። ዶክተር ሊን ጥያቄ ከጨመርን ውጤታችን ከሌሎቹ ጋር አይነጻጸርም ብላ ተጨነቀች፤ በመጨረሻ በተለየ ገጽ አደረግነው። እሱም እንደ ሌሎቹ ተተረጎመ፣ ተመለሰ፣ ተመሳከረ። ሽማግሌዎቹ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ይቆማል። አንዲት እናት ቁጥሩን ከማክበቧ በፊት በሩ መዘጋቱን ዞራ አየች።

ቀጣዩ አማርኛ ነው ተባለ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወጥ ቤት ተቀምጬ የመጀመሪያውን ረቂቅ ጻፍኩ። እማዬ ፊት ለፊቴ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች።

"እማዬ፣ እስቲ ለሥራዬ አግዢኝ። እያነበብኩ ከአንድ እስከ ስድስት ትመልሺልኛለሽ።"

"እኔ ምን ተምሬ ነው የማግዝሽ? በይ አንብቢው።"

አነበብኩ። የሚበላውን መቁጠር ያስጨንቅሻል? "አንድ።" የሐኪሙ ቁጣስ? "ኧረ አንድ።" ቤተሰብሽ አይረዳሽም ብለሽ ታዝኛለሽ? "እግዜር ይመስገን፣ አንድ በይ።" ሁሉም አንድ ሆነ። ገጹን ገለበጥኩና አዲሱን ጥያቄ አነበብኩላት።

ቢላዋው ቆመ።

"ይሄንን ማን ነገረሽ?" አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷን የሽማግሌው ፊት ላይ አይቼዋለሁ፤ በሩን የከፈቱ ጊዜ።

"ማንም አልነገረኝም፣ እማዬ። ምንድን ነው?"

ተነስታ የእቃ ማጠቢያውን ታችኛ በር ከፈተች። ከሳሙናው ጀርባ የልጆቹ ጁስ ተደርድሯል። "አንቺ ወግተሽኝ መኪናሽ ሲወጣ እጠጣለሁ" አለች። "ናቲን እንደያዝኩ እንዳልወድቅ። በፊት አንድ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲጨምርብኝ እኔም ጁሱን ጨመርኩ። አሁን ሦስት ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ሥራሽን ትለቂ ነበር።"

እውነቷን ነው፣ እለቅ ነበር። አንድ ማለዳ ናቲ አልቅሶባት፣ ጁሱን ሳትጠጣ ብትረሳ፣ ያ ሁሉ መድኃኒት ደሟ ውስጥ ሆኖ ምን ይፈጠር እንደነበር አሰብኩ። ዛሬም አስበዋለሁ፤ በየማለዳው። መርፌውን የምወጋት እኔ ነበርኩ። ለሐኪሙ ደውዬ፣ ሰዓቱ ወደ ማታ ዞረ፣ መጠኑ ወረደ። ሶሊን ጠርቼ ስለ ጁሱ ይቅርታ ጠየቅኋት። "ነግሬሽ ነበር" አለችኝ።

አዲስ የሚቀጠሩ አስተባባሪዎች ምን ልጠንቀቅ ብለው ሲጠይቁኝ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ሁሉም መልስ አንድ የሆነበት ቅጽ ሲመጣላችሁ አትደሰቱ። ኮምፒውተር ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ሰውየው ቀን ቀን ቤት ውስጥ ማንን እንደሚጠብቅ ጠይቁት።